ቸርነት ለሳኝ በኮድቡር ስለ ጃፓን ሻይ የፈጸመው ገድል

በዘመነ ኢስታሂል፥ መምህርተ ልሳነ ጃፓን፥ በድሬዳዋ ባደገችው፥ በሐርጌሳ በነገሠችው፥ በከተማይቱ በኮድቡር ሰፈር የጃፓንኛ ክበብ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፥ ጽኑዐ ጉልበት ቸርነት የሠራውን እንጽፋለን፤ ያየነውን እንጂ የሰማነውን አይደለም።

ይህ ቸርነት የክበቡን ግድግዳ ሊለስን ገብቶ፥ ትምህርቱን በጆሮው ሲለቅም ልቡ ተማርኮ፥ ልስኑ ካለቀ በኋላም ሳይወጣ የቀረ ነበረ።

በዚያም ወራት ክበቡ የሚማርበት ቤት ባለቤት ሐጂ ዓብዲዋሀብ ክፍሉን የፍራሽ መጋዘን ሊያደርገው ቋምጦ ሳለ፥ ከምሥራቀ ፀሐይ እመቤት ሚዶሪ፥ ሊቀ ሊቃውንተ ሻይ፥ መጥታ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «ከእናንተ አንዱን እመርጣለሁ። እርሱ ሥርዐተ ሻይን እስከ ፍጻሜው ከጠበቀ መጻሕፍትና መምህር በየዓመቱ እልካለሁ፤ ካልጠበቀ ሻንጣዬን አንሥቼ እሄዳለሁ።»

ኢስታሂልም ሠራዊቷን አሰለፈች፤ እነርሱም ሳህራ ባለ ፋርማሲ፥ ዳሂር ባለ ባጃጅ፥ ኪዱ አናጢ፥ ስሟን በጃፓን ፊደል በመዳፏ ላይ በሂና የጻፈች ዓኒሳ፥ በኋላቸውም ቸርነት ነበሩ። እንዲህም አወጀች፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ተንበርክከህ በተረከዝህ ላይ ተቀመጥ። ሻዩ ሳይጠጣ እግሩን የዘረጋ የፍራሽ ወገን ነው!»

ዳሂርና ሳህራ በሶላት የለመዱት ነውና እንደ ቤታቸው ተደላደሉ። የእመቤት ሚዶሪ ማራገቢያ ግን በቅዳሴ መቆም እንጂ ተንበርክኮ መቀመጥ ወዳልለመደው፥ ወደ ቸርነት አመለከተ። የኢስታሂልም ፊት ዐመድ መሰለ።

እመቤት ሚዶሪም ጽዋውን ጠረገች፤ ደግማም ጠረገች፤ ማንኪያውንም ጠርጋ በአድናቆት ተመለከተችው። በቸርነት እግር ላይ አስቀድሞ የጉንዳን ጭፍራ ሰፈረ፤ ኋላም ጉንዳኑ ራሱ ደነዘዘ፤ በመጨረሻም እግር የሚባል ፍጥረት እንደ ነበረው ረሳ። ላቡ እየወረደ፥ ከንፈሩን እየነከሰ ጠበቀ፤ አረንጓዴውንም መራራ ሻይ እስከ አተላው ጨለጠ።

ከዚያም ሊያመሰግን ሲነሣ፥ እግሩ አልታዘዝ ብሎ በግንባሩ በሰሌኑ ላይ ተደፋ። እመቤት ሚዶሪ እጅ የነሣት መስሏት እርሷም ጎንበስ አለች። እርሱ መነሣት አልቻለም፤ እርሷም ከእጅ ነሺው ቀድሞ ቀና ማለት ነውር ነውና አልተነሣችም። እንዲሁ ተደፍተው ሳሉ ሐጂ ዓብዲዋሀብ ፍራሽ የተሸከመ ወዛደር አስከትሎ ገባ፤ ሻይ የገደላቸውም መስሎት፦ «ኢናሊላሂ! ሰው አለቀ!» ሲል ለኮድቡር ሁሉ አወጀ፤ ቸርነትንም በብብቱ ይዞ አነሣው።

ያን ጊዜ ደም ወደ እግሩ ተመልሶ እንደ እሳት ቢፈጀው ቸርነት አለቀሰ። እመቤት ሚዶሪም ዕንባውን አይታ አለቀሰች፥ እንዲህም አወጀች፦ «በአገሬ እንኳ እንዲህ ያለ እጅ መንሣት አላየሁም! መጻሕፍቱም መምህሩም ይመጣሉ!» ኢስታሂል ይህን ለሁሉ ተረጐመች፤ ስለ እግሩ ግን ምንም አልተረጐመችም። ሐጂውም ይህን ሰምቶ ክፍሉን ለክበቡ ተወ፤ ቸርነትን ከእጁ ሳያወርድም ፍራሹን ወደ መጣበት አስመለሰ።

ኦ ቸርነት፥ ዓምደ ኮድቡር፥ ድልድየ ሐርጌሳ ወጃፓን! በግንባርህ የታተመው የሰሌን ጥልፍ ዘውድ ሆነልህ፤ በዳሂር ባጃጅ ተጭነህ ከ26 ጁን ሰፈር እስከ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ስታልፍ ያየህ ሁሉ መንገድ ለቀቀ፤ መራመድ ገና አልቻልህምና ክብርህ ፍጹም ሆነ።