ጀርባውን የሰጠን ሥዕል

በሹም የሚያስቅ ሠዓሊ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። እኛ ጋ የለም የሚሉ ካሉ፣ ወይ አላዩትም፣ ወይ አሳስረውታል።

የኛው ከኔ በር ፊት ለፊት ነው። መተዳደሪያው የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነው፤ "ፀጉር እንቆርጣለን"፣ "ጫማ እናድሳለን"። ይህን ጨርሶ ቀለም የተረፈው ቀን ግን አለቀልን! የተረፈው የሚያርፈው መንግሥት ላይ ነው። ከመንግሥት የተረፈው ደግሞ እኛ ላይ። እኔ "ክቡር ቀለም አባካኝ" ነው የምለው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጋዜጣዬ የሱ በር ነው። ጠዋት መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ሳየው አገሩ እንዴት እንዳደረ አውቃለሁ።

የቧንቧ ውሃ ገባላችሁ የተባልን ጊዜ ሦስት ሹማምንት መጡ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ እኛም መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ቧንቧው ሲከፈት ሳል ብቻ! እህህ፣ እህህ አለና ዝም። በማግስቱ የክቡር ቀለም አባካኝ በር ላይ ምን ተሰቅሎ ባይ ጥሩ ነው? ቧንቧው ጭብጨባ ሲያፈስ! ከአፉ መዳፍ በመዳፍ ላይ ይንዠቀዠቃል፤ ከሥር እኛ ሴቶቹ ባልዲ ደቅነን፣ ሞላልን ብለን እንስቃለን።

"ምነው ልጄ፣ ሹሞቹን ትተህ እኛን?" ብዬ ሄድኩበት።

"እኔ አይደለሁም እማማ፣ ብሩሹ ነው።"

ሁሌም መልሱ ይቺው ናት። አንድ ነጋዴ "መልኬን ሳልልኝ፣ ሆዴን ግን ቀነስ አድርግልኝ" ብሎት ነበር። ክቡርነታቸው እንደታዘዙት ሆዱን ቀነሱ። የቀነሱትን ሆድ ግን አልጣሉትም፤ ክራባት አስረው ጎኑ ባለ ወንበር ላይ ለብቻው አስቀመጡት። ነጋዴው ሲጮህ ብሩሹን ዘረጋለትና "ይኸው፣ እሱን ተናገረው" አለው።

የሚገርመው ደግሞ የኛ ነገር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ተሳልኩ ብላ ሳምንት አኮረፈች። እህቷ ሳልሳል ቀረሁ ብላ ይኸው ዓመቷ! ወሬውን ከየት ያመጣዋል እንዳትሉኝ፤ እኔ ምን አውቄ። መስኮቴ ክፍት ነው፣ ድምፄም ትንሽ ወፈር ይላል።

ባለፈው ሰሞን ግን አበዛው። ትልቅ ወንበር ሳለ፤ ወንበሩ ላይ ትልቅ ጀርባ። ፊት የለ፣ ምን የለ፣ ጀርባ ብቻ! የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም እንደ ዶሮ እንቁላል ታቅፎ ተቀምጦበታል። ከኋላው ማመልከቻ የያዘ ሰልፈኛ ቆሟል፤ የፊተኛው ጺሙ ጉልበቱ ደርሷል።

የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በዚያ ሲያልፍ አየውና ቆመ። አያችሁ፣ ያቺ የሥዕል ክፍል የጽሕፈት ቤቱ ናት፤ እሱ ተከራይ ነው። በማግስቱ ደብዳቤ መጣ፦ ባለሥልጣን ሰድበሃል፣ ወይ ሥዕሉን አጥፋ፣ ወይ ዓርብ ቀርበህ ቁልፉን አስረክብ። ሃያ ዓመት የሠራባት ክፍል! አጠፋዋለሁ እንዳይል ግትር ነው። ያን ሳምንት አንድ ቀለም አልነካም። ብሩሾቹን ያጥባል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ያጥባል። እኔም መስኮቱ አስጠላኝ።

ዓርብ ጠዋት ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ሄድኩ። ልግባ ወይ አላልኩም፤ ገባሁ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ፣ ጸሐፊዋ አጠገቡ፣ የኛ ሰው ቁልፉን ጨብጦ ጥግ ላይ።

"ምን ፈልገው ነው እማማ?"

"ስለ ሥዕሉ ነው የኔ ጌታ። የተሳልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ?!"

"እኔ። ተቀመጪ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። በጉልበቴ የተነሳ አንዴ ከተቀመጥኩ መነሳት የለም፤ ሰፈሩ ይመስክር። አይ፣ ሌላ ሰው ነው ካልክ ደግሞ ስሙን ንገራትና ልጅቷ ትጻፈው።"

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች። እሱ እሷን አየ፣ እስክሪብቶዋን አየ፣ በመጨረሻ እኔን ዞር ብዬ እንድቆም በዓይኑ ለመነኝ። ዞርኩለት።

"አሁን ሳስተውለው..." አለና ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎኑ ነው። ወገቡ አካባቢማ ቁርጥ እርስዎን!"

እንዴት ፈጥኖ ተስማማ እቴ! ለወጉ እንኳ ትንሽ አይከራከርልኝም?

"ከሥር ያለው ማኅተምስ?" አለች ጸሐፊዋ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

"ትራስ ነው" አልኳት።

"ትራስ ነው!" አለ ኃላፊው፣ ደብዳቤውን እየቀደደ።

ደጅ ስንወጣ የኛ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከተተና ጀመረ። "እማማ፣ እኔ..."

"ዝም በል። ሂድና ጀርባው ላይ ሻሼን ጨምርበት፣ ሳይነቃብን።"

ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው በመንገድ ሲያልፍ ሰፈሩ ከኋላው "ደህና ዋሉ እማማ" ይለዋል። እኔም ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ሰልፈኞቹ ያሳዝኑኝ ጀመር። ትናንት ሄድኩና "እኔ ከሆንኩማ ፊቴን አዙርልኝ፤ ሰው እየጠበቀ አይደል እንዴ!" አልኩት።

"ለመዞር ማመልከቻ ያስፈልጋል እማማ። ያስገቡና ይሰለፉ።"

ዛሬ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሥዕሉ ውስጥ ተሰልፌያለሁ! ከባለጺሙ ኋላ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ ወንበሩ ላይ ያለችውን ጀርባዬን እያየሁ እስቃለሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ለሹም ለነጋዴ የማይራራው ያ ጉደኛ፣ ፊቴ ላይ አንድ ሽብሽብ አልሳለም። አንድም! ጥርሴንም ሞልቶልኛል።

እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ ምን ትለኝ ይሆን ብሎ አጎንብሶ ብሩሽ ያጥባል። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያየሁትን ሳልናገር አለፍኩ።