የአበልጅ ስድስት ጎራሽ

«አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ብትባልግም ይታለፍልሃል» አሉኝ አማቴ ጋሽ ፈንታ፣ ወገዳ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ አጥር ፊት ቆመን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ፈንታ ያገለገለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሊገዙ ነው። ሻጩ ጋሽ ስማቸው ደግሞ አበልጃቸው ናቸው፤ የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሱ። የአበልጅን ዕቃ ፊቱ ላይ አገላብጦ ማየት «አላመንኩህም» ማለት ነው። ሳያዩ መግዛት ደግሞ የራስን ጭን መብሳት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚያገላብጥ ባለጌ አስፈለገ። የተገኘሁት እኔ ነኝ።

እኔ ስለ ሽጉጥ ምን አውቃለሁ? በስልኬ አንድ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ እሱም መሀል ላይ ኔትወርክ ሄዶ ተቋረጠ።

ገባን። ጋሽ ስማቸው ሽጉጡን ከጨርቅ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። ከበደኝ። ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ደግሜም አየሁ። ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ብረት አሽከረከርኩት። ሲቆምም ይነቃነቃል፣ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ። የጋሽ ስማቸው ባለቤት ከጓዳ ብቅ ብለው ይህ ሰው ምን ጠፍቶት ነው አሉ። ጋሽ ፈንታ አሳዳጊ የበደለው ነው ብለው መለሱ። ይህ በስምምነታችን ውስጥ አልነበረም።

ከኋላ ያለችውን መቺ ብረት ወደ ኋላ ስቤ፣ ምላጩን ሳልነካ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኋት። ቀጭ ብላ ወደ ፊት መታች። ደገምኩ። ቀጭ።

«ጋሽ ፈንታ፣ ይህ ሽጉጥ ከተገጨ ራሱ ይተኩሳል።»

ጋሽ ስማቸው እኔን አላዩም፤ አበልጃቸውን ነው ያዩት። ጋሽ ፈንታ አቀረቀሩ። ከዚያ ይህ ልጅ የእኛን ዕቃ ከየት ያውቀዋል አሉና ገዙት።

ለካ እኔ የተፈለግሁት ለመመርመር እንጂ ለመታመን አይደለም።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ስማቸው ጠሩን። ከእሳቸው ቤት ዕቃ ባዶውን አይወጣም፤ አገልግል ቢሆን እንጀራ፣ እንስራ ቢሆን ጠላ ይሞሉበታል። ሽጉጡን ተቀብለው ቀዳዳውን ሁሉ ጥይት ሞሉበት፤ መርቀውም መለሱ። ጋሽ ፈንታ እጅ ነስተው ወገባቸው ላይ ሻጡት።

መናኸሪያው ውስጥ የቀረው አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀመጥን። የጋሽ ፈንታ ወገብ ጭኔ ላይ ዐረፈ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጉድጓዱ ከአስፋልቱ ይበልጣል። በእግሬ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ክንዴን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ተቀመጥ። አፉን ወደ አንተ ያዞርኩት በወዲያ በኩል ነፍሰ ጡር ስላለች ነው።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው።