ከዋንጫው በኋላ ይነገረው

መቼም እኛ ደስታን ለመናገር ስንጣደፍ የሚቀድመን የለም፤ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ከአባቱ ቀድሞ ይሰማል። በሞት ጊዜ ግን ትዕግሥታችን ተአምር ነው። ፈተናውን ይጨርስ፣ ከመንገድ ይመለስ፣ እንቅልፉን ይጥገብ እንላለን። እስከዚያው አገር ምድሩ ያውቃል፣ የሞተበት ሰው ብቻ አያውቅም። ይህን ልማድ አትላንታ ድረስ ይዘነው መምጣታችንን ልብ ያልኩት በቤዝቦል ምክንያት ነው። አትሳቁ፣ የሚያስቅ አይደለም።

አትላንታ ዳር ባለችው ስኔልቪል ጎረቤቴ የነበሩት አቶ ታደሰ ታክሲ እየነዱ ጨዋታውን ከሬዲዮ የተማሩ ሰው ነበሩ። እኔ እስከ ዛሬ ማን ለምን እንደሚሮጥ አይገባኝም። እሳቸው ግን ልጃቸው ናሆም በኮሌጁ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ከሆነ ወዲህ አንድም ጨዋታ አምልጧቸው አያውቅም። ለእህታቸው ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ድንገት ልባቸው ቆመ፤ እዚያው ተቀበሩ። ናሆም ለኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። «ልጁ ዕድሜውን የለፋበት ነው፤ ከዋንጫው በኋላ ይነገረው» ተባለ። ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል እንዳይኖር በየቤቱ ተደወለ። ናሆም «ዳዲ ስልክ አያነሳም» ሲለን ኔትወርክ ነው አልነው። እናቱ ወይዘሮ አልማዝ ሆድ ይፍጀው ብለው ቻሉት።

በፍጻሜው ቀን ማሪዬታ ወዳለው ስታዲየም ቢጫ ቀሚስ ለብሰው መጡ። ጥቁር ቢለብሱ ልጁ ይጠይቃላ። በሐዘን የቆረጡትን ፀጉር በቡድኑ ኮፍያ ሸፍነዋል። ናሆም በወረወረ ቁጥር ሰው ሲያጨበጭብ አብረው ያጨበጭባሉ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

ቡድኑ አሸነፈ። ናሆም የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ለብቻው ሌላ ዋንጫ ተሸለመ፤ ማይክ ሲሰጡትም በእንግሊዝኛ፣ «ይህ የአባቴ ነው። እንቅልፉን አጥቶ ከአዲስ አበባ በስልኩ እያየኝ ነው» አለ። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ናሆም እናቱ ቤት አድሮ ሳለ፣ እንደ ወጉ በሩን አንኳኳን። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ተናገሩ። ልጁ ቢቆጣን የምንመልሰውን መንገድ ላይ ስናሰናዳ ነበር የመጣነው፤ ልፋትህን ብለን ነው፣ አባትህም ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር ልንለው። እሱ ግን አልተቆጣም። ብዙ አልቅሶ፣ አልቅሶ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ጌም እኮ ስኪፕ ይደረጋል» አለ። «ይሄን ሁሉ ቀን ማን አብሮሽ አለቀሰ?»

«ማን ይመጣል ልጄ?» አሉ ወይዘሮ አልማዝ። «ደጅ ላይ መኪና ከበዛ ጓደኞችህ ይነግሩሃል ተብሎ፣ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኛስ፣ እግዜር ይስጠን፣ ዋንጫውን አውርደናል።