ሞተሯ ትሙቅ ብቻ

ሐይቅ ከተማ መኪና ያለውን ሰው በክረምት «እንዴት ከረሙ?» ቢሉት፣ የሚነግርዎ የሞተሩን ጤና ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድማ ሞተር ሳያሞቁ መንዳት ሐራም ነው ሊሉ ምንም አይቀራቸው።

በቀደም በግ ልገዛ ወደ ውጫሌ ገበያ ስወጣ፣ «አብሽር፣ እኔ አደርስሃለሁ፤ ሞተሯ ትሙቅ ብቻ» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍተው ዘይቷን ለኩ፣ ድምጿን አዳመጡ፣ እንደገና ለኩ። ገበያው ሊያልፈኝ ሲሆን ሾልኬ በሚኒባስ ሄድኩና በጌን ገዝቼ ተመለስኩ።

ጋሽ ሰይድ አሁንም እዚያው ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ሞቀችልህ፤ በል ግባ።»

ግማሽ ቀን ለእኔ ብለው የደከሙትን ሰው ምን ብዬ ላሳዝን? በጉን ከኋላ ጭኜ ገባሁ።

ውጫሌ ስንደርስ በጉን የሸጠልኝ ሰውዬ ገና ከሩቅ አየን።

«የተሸጠ በግ አይመለስም» አለ።