ሰፌድ ደፍተን ሜክሲኮን ያከበርን ዕለት

የሩቁን ሰው የማክበርን ያህል ቀላል ነገር የለም። የሩቁ ሰው አጥርህን አይገፋም፣ ፍየሉ ጓሮህ አይገባም፣ ቴፑን ከፍቶ እንቅልፍ አይነሳህም። ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ታከብረዋለህ። የቅርቡንማ ማን ያየዋል! “የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል” ያሉት አባቶች ዘንድሮ ድሬዳዋ መጥተው የልጄን ትምህርት ቤት ቢያዩት፣ ለተረታቸው ምስክር አገኘን ብለው ይደሰቱ ነበር።

የትምህርት ቤቱን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ ልጆቻችሁን ታስመዘግባላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ እኔም አስመዝግቤያለሁ። መማሪያ መጽሐፉ በቀጥታ ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፤ በዓመት አንድ ወር የሂስፓኒክ ቅርስ ይከበር ይላል። ሂስፓኒክ የሚባሉት ዘራቸው ከሜክሲኮ፣ ከኮሎምቢያና ከመሳሰሉት ስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ አሜሪካውያን ናቸው። መጽሐፉ አልተሳሳተም። የአሜሪካውን ልጅ “አጠገብህ የተቀመጠውን እወቀው” ነው የሚለው። የኛ ትምህርት ቤት ሰዎች ግን አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡትን ቢያዩ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሀረሪና በአማርኛ የሚንጫጩ ሆነው አገኟቸው። አቦ፣ ይሄ ደግሞ ምን ባህል ይባላል? ሜክሲኮን አስመጡ።

ለሚንጫጩት ታርጋ አለላቸው። ታርጋ የሚሉት ልጆቹ ናቸው፤ “እንግሊዝኛ ብቻ ተናገር” ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ጣውላ ነው። በቤቱ ቋንቋ ሲያወራ የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል፣ ሌላ ጥፋተኛ እስኪገኝ አይወርድለትም። የመውጫ ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የቀረበት ይዞት ቤቱ ይሄዳል፣ በማግስቱ ሰልፍ ፊት ይቆምበታል። ዘንድሮማ አሳምረውታል፤ ቢጫ ቀብተው በቀይ ሪባን አንጠልጥለውታል። ደንቡን “አንብቤ ተስማምቻለሁ” ብዬ ፈርሜያለሁ። አላነበብኩትም። ባነበውም እፈርም ነበር።

ልጄ ሀናን ሦስተኛ ክፍል ናት። እናቴን አኮ ትላታለች፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ ገጠር ካለው ቤቷ ከቢዮ አዋሌ በመጣች ቁጥር ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው የፍየሉን፣ የጎረቤቱን፣ የሰርጉን ወሬ ሲያነሱ ሲጥሉ ያመሹ ነበር። ዘንድሮ ታርጋውን ሦስት ጊዜ የተሸከመችው ሀናን ዘዴ ፈጠረች፤ ትምህርት ቤት ከአፏ እንዳያመልጣት ቤትም ኦሮምኛ ማውራት ተወች። አኮ ስታዋራት ራሷን ትነቀንቃለች፣ አለቀ።

“ልጅቷ ምን አድርጌያት ነው የተቀየመችኝ?” አለችኝ እናቴ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

“ለትምህርቷ ብላ ነው” አልኳት። ለትምህርቷ! አፌን ቁርጥማት አልያዘውም።

እንዲህ ሆነን ዓርብ ለሚከበረው የሂስፓኒክ በዓል ሀናንን ሜክሲኳዊት ማድረግ ነበረብን። ቀሚሱ ከታይዋን ገበያ ተገኘ፤ ባርኔጣው ግን ጠፋ። በመጨረሻ አኮ ከገጠር ያመጣችውን ሰፌድ ገልብጠን፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሙዳይ ሰፍተን፣ ዙሪያውን ዘርፍ አንጠልጥለን ደፋንላት። አስተማሪዋ ስታየው “ውይ ሲያምር! ከውጭ ነው ያስመጣችሁት?” አለች። አዎ አልኳት። ቢዮ አዋሌም እኮ ከከተማ ውጭ ነው።

አኮ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሀናን ሰፌዷን እንደደፋች መድረክ ላይ ወጣችና በእንግሊዝኛ የተጻፈላትን በቃሏ አነበነበች፦ እኔ ማሪያ ነኝ፤ የአያቴ ቋንቋ ቅርሴ ነው፤ ማንም ሊያሳፍረኝ አይችልም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ወላሂ፣ ጠረገ!

አኮ አንዲት ቃል አልገባትም። ጭብጨባው ጋብ ሲል እዚያው ሆና ድምጿን ከፍ አድርጋ በኦሮምኛ “ሀናን፣ ምን አልሽ?” ብላ ጠየቀች። ሀናን አስተማሪዋን አየች። አያቷን አየች። ከዚያ ከመድረኩ ጫፍ ጎንበስ ብላ፣ ሰፌዱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ጥርት ባለ ኦሮምኛ “አኮ፣ በአያቴ ቋንቋ አላፍርም ነው ያልኩት” አለቻት።

ደንብ ደንብ ነው። አስተማሪዋ ታርጋውን ይዛ ወጣችና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ሀናን ሰፌዱን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ጫማዬን አያለሁ።

አኮ የምታየው ሌላ ነው። ቢጫ ነገር፣ ቀይ ሪባን፣ የልጅ ልጇ አንገት። ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው! ታርጋውን ጠንቅቀው የሚያውቁት እናቶች አንድ አፍታ ተያዩና አንድ በአንድ ተነስተው እልልታውን ተቀበሏት። ዳይሬክተሩም ወላጅ ደስ ካለው ብሎ ነው መሰለኝ አጨበጨበ።

ባጃጅ ውስጥ አኮ ጣውላውን እያገላበጠች “ለምንድነው የሸለሙሽ?” አለቻት። ሀናን እኔን አየችኝ። እኔ መንገዱን አየሁ።

“ካንቺ ጋር ስላወራሁ ነው” አለቻት።

“እንዲያማ ከሆነ የኔም ነዋ!” አለች አኮ፣ እና ታርጋውን ከነሪባኑ ሻሿ ውስጥ ጠቅልላ ያዘችው። ያን ሌሊት ከፍራሹ ላይ ወሬያቸው አላስተኛኝም።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ንብረት መልሱ የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ንብረቱ ቢዮ አዋሌ፣ የእናቴ ግድግዳ ላይ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይታያል። ተሸላሚዋ አልመልስም አለች ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ይህንን ግን በእውነት አንብቤ ፈረምኩበት። ሰሞኑን ሌላ ታርጋ እያስቀቡ ነው አሉ። ሀናን ግን አንድ አይበቃም ትላለች፤ የጓደኞቿ አያቶችም ይፈልጋሉ።