የጣቢታ ምድጃ

ክብሪት ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ ሚልብሩክ በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ጣቢታ የምትባል ባልቴት ነበረች። ምድጃዋ ጠፍቶ አያውቅም። እሳት የጠፋበት ጎረቤት ሁሉ ማለዳ ልጁን ወደ እሷ ይልካል፤ እሷም ማንንም ባዶ እጁን አትመልስም።

አንድ መከር ጣቢታ በከተማው ሸንጎ ቆማ፣ ሴት ልጆች በትምህርት ቤቱ አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲሰጣቸው ለመነች። ሰብሳቢው አቶ ኢዮስያስ ሳቀ።

«ወይዘሮ ጣቢታ፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል። ይልቅ ምድጃዎን ይጠብቁ።»

«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለችና ፈገግ ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በሚልብሩክ እሳት እንደ ጉድ ይጠፋ ጀመር። የሚገርመው፣ የሚጠፋው ሴት ልጅ ባለበት ቤት ብቻ ነው። እናቶች ረመጡን አመድ ማልበስ ይረሳሉ። እሳት ሊጭሩ የተላኩ ልጆች ፀሐይ ሞቅ ሲል ይመለሳሉ፤ ጣታቸው በከሰል ጠቁሮ፣ ዓይናቸው በርቶ።

ከሁሉ የባሰው የአቶ ኢዮስያስ ቤት ነበር።

«አንቺ ማርታ፣ እሳት የማያድርበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው?» ይላል ሚስቱን።

«እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ነው።»

«ልጅሽ ሩትስ ብትሆን ለአንድ ፍም ግማሽ ቀን ትፈጃለች?»

«ደህና እሳት ቶሎ አይያያዝም፤ ታገስ እንጂ» ትለዋለች ማርታ። ማታ ማታ እናትና ልጅ ምድጃው ዳር አጎንብሰው አመዱን በጣታቸው ሲነካኩ ያያል፤ የሴት ሥራ ነው ብሎ ያልፋል።

ሦስት ክረምት አለፈ። ጣቢታ ያንኑ አቤቱታ ይዛ ሸንጎ ቀረበች። አቶ ኢዮስያስ ሊገላገላት ፈለገ።

«አርባ ሴቶች ይፈርሙና ወንበሩ ይሰጣል። መጻፍ የማይችል ሰው በስሙ ፋንታ የሚያደርገውን የመስቀል ምልክት ግን አንቀበልም፤ ስማቸውን በገዛ እጃቸው ይጻፉ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሳይበርድ በሩ ተከፈተና ውጭ ሲጠብቁ የነበሩ የከተማው ሴቶች ተሰልፈው ገቡ። ፊት የቀደመችው ማርታ ነበረች። ብዕሩን ከባሏ እጅ ተቀብላ፣ ሙሉ ስሟን ቁልጭ አድርጋ ጻፈች። ከኋላዋ አርባ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

ሰብሳቢው ቃሉን በሕዝብ ፊት ሰጥቷልና ማጠፊያ አጣ። ቀለሙ ያልደረቀውን የሚስቱን ስም እያየ፣ «ይህ የእርስዎ ሥራ ነው!» አላት ጣቢታን።

«ምድጃዎን ይጠብቁ ብለውኝ ነበር፤ ጠበቅሁ» አለች ጣቢታ። «የእርስዎም ቤት እሳት ሲጠፋበት ፍም አልነፈግሁም።»