አንድ አድራሻ ለሁለት

«ኔትወርክ የለም» የምትለዋን ቃል ያመጣልን ሰው ዕድሜው ይርዘም፤ የመሥሪያ ቤት ሰውን ከስንት ውሸት አሳርፎታል። ዱሮ እኮ አንድ ሠራተኛ ባለጉዳይ ለመመለስ ብዙ ይደክም ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል፣ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፣ የመሳቢያው ቁልፍ ጠፍቷል... በየቀኑ አዲስ ምክንያት መውለድ ነበረበት። አሁን በሁለት ቃል ያልቃል። ደግሞ ማን ይከራከራል? ለቅሶ ሄደ የተባለውን ሰው ጠላ ቤት ልታገኙት ትችላላችሁ። ኔትወርክን ግን ከየት አግኝታችሁ ክንዱን ትይዙታላችሁ?

እኔ ግን በቀደም ቃሏ እውነት ሆና ገጠመችኝ።

ባለቤቴ ስመኝ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። አንድ ምሽት የግቢያችንን የቀርከሃ አጥር እኔ መስሏት ስላመሸሁበት ነገር ደህና አድርጋ ወቀሰችው። አጥሩ አንድም መልስ ስላልሰጣት ደስ ብሏት ገባች። ታዲያ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ዳንግላ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ደረሳት፤ ለማግስቱ ጠዋት። የጤና መድን ካርዳችን ካልታደሰ ግን ቀጠሮው ያልፋታል ተባልኩ። እኔም በባጃጅ ወደ እንጅባራ መጥቼ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳላ።

ካርድ የምታድሰው ሴት ውድነሽ ትባላለች። አንገቷን ደፍታ ከኮምፒውተሩ ጋር ትታገላለች።

«አባባ፣ ኔትወርክ የለም» አለችኝ።

«ይመጣል ልጄ፤ እጠብቃለሁ።»

«ካልመጣስ?»

«ነገ ቀጠሮ አለን። እንግዲህ ቀጠሮውም እኔም እዚሁ እናድራለን።»

ይኼኔ ሀብታሙ የሚባለውን የኮምፒውተር ባለሙያ አስጠራችው። ሀብታሙ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ቀጥሎ ከኋላው ገመዱን ነቀለና እፍ ብሎ መልሶ ሰካው። ከዚያ ገመዱን በሌላ ገመድ ቀየረው። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዓይኑን የሚያርገበግብ ሳጥን አለ፤ እሱንም እንደ ታማሚ ዳበስ ዳበስ አደረገው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የዚህ ቤት ድር ግን አንበሳ ስላላገኘ እኔን አስሮኝ ዋለ።

«አሁን ፒንግ ላድርገው» አለ ሀብታሙ።

«ፒንግ ምንድን ነው ልጄ?»

«አለህ ወይ ብሎ መጥራት ነው አባባ። ካለ አለሁ ይላል።»

ይኼስ ገባኝ። እኛም ከማዶ ለማዶ የምንጣራው እንደዚሁ ነው። «ታዲያ አለሁ አለህ?»

«አንዴ ይላል፣ አንዴ ዝም ይላል።»

«እንግዲያው ኩርፊያ ነው» አልኩ። ሀብታሙ ሳቀ። ጥቂት ቁልፎች ነካካና ፊቱ ተለወጠ። «አገኘሁት» ብሎ ለራሱ አጉተመተመ። «ውድነሽና ጋሻው ናቸዋ የተጋጩት። አንዱን አድራሻ ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ።» ይህን ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

አንባቢዎቼ፣ እስቲ ፍረዱ። በእኛ አገር አንዱን ቦታ ሁለት ሰው የኔ ነው ካለ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዚያም ይከፋል። የስንቱን ድንበር ስጠብቅና ሳስታርቅ የሸበትኩ ሰው ይህን ሰምቼ ዝም ብል ምን ሽማግሌ ተባልኩ? ውድነሽን አየኋት። ፈዝዛለች። የቤት ነገር ሆኖባት ነው ብዬ አንጀቴን በላችኝ።

ወዲያው አንድ ጎልማሳ «የእኔም ጠፋ» እያለ ገባ። ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ወረቀት ጋሻው ይላል። እግዜር ባለጋራውን በእግሩ አመጣልኝ።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አልኩት። «ከእሷ ጋር መጣላታችሁን ሰምቻለሁ። እርቅ ደም ያደርቅ ይባላል።»

ሁለቱም ደነገጡ። «ማን አለ?» አለች ውድነሽ።

«ሀብታሙ ነዋ።»

ወደ ጋሻው ዞረች። «ለሀብታሙም ነገርከው?»

«እኔ? ምን ብዬ? አንቺ ነሽ እንጂ አገር ያዳረስሽው።»

«ብናገርስ? ለወሊድ ፈቃድ ስወጣ ወንበሬን አልወሰድክም?»

«ባዶ ነበራ።»

«ልወልድ ሄድኩ እንጂ ሞትኩ? ወንበሬን ትወርሳለህ?»

እንግዲህ ነገሩ ወንበርም ኖሮበታል። በዚህ አገር በወንበር ያልተጣላ ማን አለ ብዬ አለፍኩትና ወደ ዋናው ገባሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። «የወንበሩ ይቆየን። ስለ ቤቱ ንገሩኝ።»

«የምን ቤት?» አሉ ሁለቱም።

«ሁለታችሁም የኔ ነው የምትሉት አድራሻ!»

ይኼን ጊዜ ሀብታሙ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳቁን መያዝ አቅቶት ደገፍ አለ። «አባባ፣ አድራሻው የኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አለው። የእነሱ አንድ ሆኖ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።» ከዚያ ወደ ጋሻው ዞረ። «አዲሱን ኮምፒውተር ማን ገጠመልህ?»

ጋሻው ራሱን አከከ። «አንተ ጫግኒ ለመስክ ሄደህ ነበር። እሷን እንዳልጠይቅ ደግሞ... ተኳርፈናል። ለምሳ ስትወጣ ከእሷ ላይ አይቼ ገለበጥኩት። አንድ ቁጥር እንኳ አላሳሳትኩም።»

«ብታሳስት ኖሮ እኮ ይሠራ ነበር» አለ ሀብታሙ።

ሄዶ አንዷን ቁጥር ቀየረ። የውድነሽ ኮምፒውተር ነፍስ ዘራ። የማሽኖቹ ጠብ እንዲህ በቀላሉ በረደ።

ልብ በሉ፤ አሁን ካርዴን አሳድሼ መሄድ ነበረብኝ። ስመኝ ቤት ሆና ትጠብቀኛለች፤ የመውጫው ሰዓት ደርሷል። ግን ሽምግልና ከተጀመረ በኋላ እንዴት ይቋረጣል? ዱላዬን ተደግፌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዘንገና አካባቢ በአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ስለተጣሉ ወንድማማቾች ነገርኳቸው። ከእነሱ ወደ አባታቸው አለፍኩ። ከአባታቸው ወደ በቅሎው...

«በቅሎው ደግሞ ምን አደረገ?» አለ ጋሻው፣ ዓይኑን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክሎ።

«እደርስበታለሁ ልጄ። መጀመሪያ ግን በቅሎው የማን እንደነበር መታወቅ አለበት።»

ውድነሽና ጋሻው ተያዩ። ስንት ወር ሳይነጋገሩ እንደከረሙ እንጃ፤ በዚያች ቅጽበት ግን በዓይን ብቻ ተግባቡ። «ስማቸውን ጥራልኝ» አለችው። ጋሻው የድሮውን ካርዴን አንሥቶ አነበበላት፣ እሷ ጻፈች። ማተሚያው ሲያቃስት እሱ ወረቀቱን ሳብ አደረገላት። ማኅተሙን ከሌላ ክፍል እየሮጠ አመጣ፤ እሷ መታችበት። እኔ ገና በቅሎው ጭቃ ውስጥ እንዳለ ነኝ።

«ካርድዎ ይኸው አባባ» አለች ውድነሽ።

«ዝናብ ሳይመጣ ይድረሱ» አለ ጋሻው።

አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ደግፈው እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። ዘወር ብዬ ሳይ አብረው ቆመው ይስቃሉ። በማን እንደሚስቁ አልጠየቅሁም።

ስመኝ በማግስቱ ዳንግላ ደረሰች። ሕክምናውም በሰላም አለቀ፤ ተመስገን። እኔም አንድ ነገር ተማርኩ። አስታራቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ንግግሩን ሰምተው ይታረቁለታል፤ ሁለተኛው ንግግሩን እንዲጨርስላቸው ሲሉ ይታረቁለታል። ዋናው መታረቃቸው ነው።